የታሰረ ብረት፤ የቫይታሚን ጉድለት በሰውነታችን ጥቃቅን ማዕድናት ላይ ስለሚያደርሰው ነገር



ደም አንሷታል ተብላ ከጤና ጣቢያ የብረት ክኒን የተሰጣት ነፍሰ ጡር፣ ክኒኑን ቀን ሳታጓድል ስትውጥ ቆይታ ከሁለት ወር በኋላ ብትመረመርና ደሟ እምብዛም ሳይጨምር ቢገኝ፣ ብዙውን ጊዜ የምትሰማው ቃል ወይ «ክኒኑን አልዋጥሽውም» የሚል ወቀሳ፣ ወይም «መጠኑ ይጨመርላት» የሚል ትእዛዝ ነው። እኔ ዛሬ በዚህ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ላስረዳችሁ የምሻው ግን ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየውን ሦስተኛውን ምክንያት ነው፤ ይኸውም ሴቲቱ ክኒኑን በሚገባ ውጣው፣ ብረቱም ወደ ሰውነቷ ዘልቆ ሳለ፣ ሌላ ረቂቅ ነገር፣ ማለት አንድ የቫይታሚን ዓይነት ስለ ጎደላት፣ ብረቱ በጉበቷና በጣፊያዋ ተከማችቶ፣ ደም ወደሚሠራበት ወደ አጥንቷ መቅኔ ሳይደርስ ሊቀር የሚችል መሆኑን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ማዕድናቱ ጥቂት ልበል። ሰው ከምድር አፈር መገኘቱ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ቃል ነው፤ የኬሚስትሪ ሊቃውንትም የሰውን ሥጋ በየንጥረ ነገሩ ለይተው በመዘኑት ጊዜ፣ በምድር ሆድ ከሚገኙት ማዕድናት አያሌዎቹን እጅግ አነስተኛ በሆነ ምጣኔ በውስጡ አግኝተዋል። በአንድ ጎልማሳ አካል ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም፣ ዚንክ የተባለው ከ2 ግራም ብዙ የማይበልጥ፣ መዳቡ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ያህል፣ አዮዲኑ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ሆነው ሳሉ ግን፣ ብረት ከሌለ ደማችን የምንተነፍሰውን ኦክስጅን ተሸክሞ ወደየሕዋሳቱ ማድረስ አይችልም፤ አዮዲን ከሌለ በአንገታችን ያለው ዕጢ ሥራውን ለመፈጸም ሲታገል አብጦ እንቅርት ይሆናል፤ ዚንክ ከሌለም ሕፃን በወጉ አያድግም፣ ቁስልም ቶሎ አይሽርም። ቫይታሚኖች ደግሞ ማዕድናት ሳይሆኑ ሕይወት ካላቸው ፍጥረታት የሚገኙ ረቂቃን ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ቆዳችን በፀሐይ ብርሃን ከሚሠራው ከቫይታሚን ዲ በቀር፣ አብዛኞቹን ከምግብ ካላገኘናቸው ሰውነታችን ራሱ በበቂ መጠን ሊያስገኛቸው አይችልም።

በትምህርት ቤት መጻሕፍት ማዕድናት በአንድ ምዕራፍ፣ ቫይታሚኖች በሌላ ምዕራፍ ተለያይተው ስለሚጻፉ፣ ብዙ ሰው እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ገብተው ለየብቻቸው የሚሠሩ ይመስለዋል። በሥጋችን ውስጥ ግን እንዲህ ያለ የምዕራፍ ክፍፍል የለም። ከቫይታሚኖቹ አንዱ በጎደለ ጊዜ፣ የማዕድኑ መጠን በአንዱ የአካል ክፍል ያንሳል፣ በሌላው ይበዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠቅላላ ድምሩ ሳይነካ፣ ማዕድኑ በሚፈለግበት ስፍራ ብቻ ይታጣል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቼ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።)

ይህን ነገር ከገለጡት ምርምሮች መካከል እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው፣ በኢንዶኔዥያ አገር በምዕራብ ጃቫ ገጠሮች የተደረገውንና ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በ1993 የታተመውን ነው። ጆኮ ሱሃርኖ የተባሉት ተመራማሪ፣ በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ያስተምሩ ከነበሩት ከክላይቭ ዌስትና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ደም ያነሳቸውን 251 ነፍሰ ጡሮች በአራት ክፍል መደቧቸው። ለአንደኛው ክፍል በየቀኑ 2.4 ሚሊግራም ቫይታሚን ኤ፣ ለሁለተኛው 60 ሚሊግራም ብረት፣ ለሦስተኛው ሁለቱን በአንድነት ሲሰጡ፣ ለአራተኛው ግን ለማነጻጸሪያ ያህል ምንም የመድኃኒት ኃይል የሌለው ነገር ሰጡ። ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ መድኃኒት ካልተሰጣቸው 16 በመቶዎቹ፣ ቫይታሚን ኤ ብቻ ከወሰዱት 35 በመቶዎቹ፣ ብረት ብቻ ከወሰዱት 68 በመቶዎቹ፣ ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱት ግን 97 በመቶዎቹ ከደም ማነስ ድነው ተገኙ።

ይህን ቁጥር ሰምተን እንዲሁ ልናልፈው አይገባንም። ለደም ማነስ መድኃኒቱ ብረት ነው ሲባል የኖረ ስለሆነ፣ ብረት ከወሰዱት ከሦስት ሴቶች አንዷ ያህል ሳትድን መቅረቷ ብቻውን ሊያሳስበን የሚገባ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፣ ቫይታሚን ኤ ራሱ ቅንጣት ታህል ብረት የሌለበት ሆኖ ሳለ፣ እርሱን ብቻ ከወሰዱት መካከል የዳኑት፣ ምንም ካልወሰዱት ከእጥፍ በላይ መሆናቸው ነው። እነዚህ ሴቶች ደም የሠሩበትን ብረት ከየት አመጡት? ከገዛ ሰውነታቸው ነው እንጂ ከሌላ ከየትም አይደለም። ጎተራው በእህል ሞልቶ ሳለ የጎተራው ቁልፍ የጠፋበት ቤተሰብ ከእህሉ አጠገብ ተቀምጦ እንደሚራብ፣ የእነዚህም ሴቶች መቅኔ ብረት ከተከማቸበት ከጉበት ሳይርቅ ብረት ተርቦ ኖሯል።

ሊቃውንቱ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል በየጊዜው ሲመረምሩ ቆይተው፣ ምክንያቱ አንድ ብቻ አለመሆኑን ደርሰውበታል። ቫይታሚን ኤ የተነፈጋቸው አይጦች ሲመረመሩ፣ በደማቸው የሚዘዋወረው ብረት ቀንሶ፣ በጉበታቸውና በጣፊያቸው የተከማቸው ግን ጨምሮ መገኘቱ ተደጋግሞ ታይቷል። በመቅኔ ውስጥ የሚገኙት የደም እናት ሕዋሳት አድገው ቀይ የደም ሕዋስ እስኪሆኑ ድረስ ቫይታሚን ኤ ያስፈልጋቸዋል፤ ኩላሊት «ደም ሥሩ» ብሎ ወደ መቅኔ የሚልከው ኤሪትሮፖይቲን የተባለው መልእክተኛ ንጥረ ነገርም ያለዚህ ቫይታሚን በሚገባው መጠን አይመነጭም። ከዚህም ሌላ፣ ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሰው የዓይኑ፣ የሳንባውና የአንጀቱ ሽፋን ስለሚሳሳ ተላላፊ ደዌ በቀላሉ ያገኘዋል፤ ደዌ ባገኘው ጊዜ ደግሞ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን፣ ሊቃውንት በ2000ና በ2001 የደረሱበትን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ሄፕሲዲን ብረት ከተከማቸበት ሕዋስ እንዳይወጣ፣ ከአንጀትም ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ በራሱ ክፉ ሥራ አይደለም፤ ጀርሞች እንደ እኛው ብረት የሚሹ ስለሆኑ፣ ሰውነት በደዌ ጊዜ ብረቱን ከጠላቱ መሰወሩ ነው። ነገር ግን አንድ ሕፃን ተቅማጥና ሳል እየተፈራረቁበት ዓመቱን ሙሉ ታሞ የሚኖር ከሆነ፣ ለአጭር ጊዜ የታሰበው ጥንቃቄ የዘወትር እስራት ይሆንበታል።

ቫይታሚን ኤ የተከማቸውን ብረት የሚፈታ መሆኑን ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ ያሳየው ሚካኤል ዚመርማንና ባልደረቦቻቸው በሞሮኮ አገር በተማሪ ልጆች ላይ አድርገው በ2006 ያሳተሙት ጥናት ነው። ቫይታሚን ኤና ብረት ሁለቱም ላነሳቸው ለእነዚያ ልጆች ቫይታሚን ኤ ብቻ በተሰጣቸው ጊዜ፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ከፍ አለ፣ ኤሪትሮፖይቲኑም ጨመረ፤ በሰውነታቸው ያለው ጠቅላላ ብረት ግን ባለበት ነበረ። በመጋዘን ተኝቶ የነበረው ተነሥቶ ወደ ሥራ ገባ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር የሚደረግ መስሎ እንዳይታያችሁ፣ ወደ አገራችን ልመለስ። ምዕራብ ጃቫ ላይ የሠሩት ክላይቭ ዌስት፣ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት ያገለግሉ ከነበሩት ከዶክተር ዘውዴ ወልደ ገብርኤልና ከሌሎች የአገራችን ባለሙያዎች ጋር ሆነው፣ በሸዋ ክፍለ ሀገር ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 ዓመት የሆነ ከ14 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የተመለከተ ምርምር በዚያው በ1993 አሳትመዋል። የዚህ ሥራ ትልቅነት፣ ብዙ ሰው እንቅርትን ለብቻ፣ ደም ማነስን ለብቻ፣ የዓይን ሕመምን ለብቻ በሚቆጥርበት ዘመን፣ ቫይታሚን ኤን፣ አዮዲንንና ብረትን በአንድ ልጅ ሰውነት ውስጥ አገናኝቶ መመርመሩ ነው። ከልጆቹ መካከል ከሦስት አንዱ ያህል እንቅርት ነበረበት፤ በዓይን ነጭ ላይ አረፋ መስሎ የሚታየው የቫይታሚን ኤ ጉድለት ምልክት የተገኘው ግን ከመቶ አንድ በማይሞሉት ላይ ነበር። ከዚህ በመነሣት ቫይታሚን ኤ ብዙም አልጎደለም የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ዳፍንትና የዓይን ነጠብጣብ የሚታዩት ጉድለቱ ሥር ከሰደደ በኋላ ሲሆን፣ የብረቱ መታሰር ግን ዓይን ሳይታመም አስቀድሞ ሊጀምር ይችላል። አመሻሽ ላይ በደጅ የሚደናቀፍ ልጅ ባየን ጊዜ፣ ስለ ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ደሙም ልናስብ ይገባናል።

አሁን ደግሞ ወደ ቫይታሚን ሲ እንለፍ። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የምናገኘው ብረት፣ ከሥጋ እንደሚገኘው በቀላሉ ወደ ደም የሚገባ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲ ግን ባሕርዩን ለውጦ፣ አንጀት ሊቀበለው በሚችለው ሁኔታ ያዘጋጀዋል። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶት ይሆናል። ብዙ ሰው ያልሰማው ግን፣ ይኸው ቫይታሚን ብረቱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላም የሚያገለግል መሆኑን ነው። በደቡብ አፍሪካ በብረት ድስትና በብረት በርሜል የተጠመቀ የአገር ጠላ እየጠጡ የኖሩ ሰዎች፣ ከጠላው ጋር በሚገባው ብረት ምክንያት ጉበታቸው ከልክ በላይ ብረት አከማችቶ ይገኝ ነበር፤ የብረቱም ብዛት ቫይታሚን ሲን ስለሚያጠፋባቸው፣ ድድን የሚያደማው ስከርቪ የተባለው ደዌ ያገኛቸዋል። በጆሃንስበርግ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ቦትዌልና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንዳስረዱት፣ እነዚህ ሕሙማን ያን ሁሉ ብረት በውስጣቸው ይዘው ሳሉ፣ በደማቸው የሚዘዋወረው ብረት አነስተኛ ሆኖ ይገኝ ነበር፤ ቫይታሚን ሲ በተሰጣቸው ጊዜ ግን ከፍ ይላል። በብረት ባለጠግነት መካከል የብረት ድህነት ማለት ይህ ነው።

ወተትና እንቁላል በደንብ የሚይዙት፣ ሲጎድል የከንፈርን ማዕዘን የሚሰነጥቀው ቫይታሚን ቢ 2 ደግሞ ከመጋዘን የሚወጣውን ብረት ለማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሂላሪ ፓወርስና ባልደረቦቻቸው በጋምቢያ ገጠር ባደረጉትና በ1983 በታተመው ጥናት፣ ብረት ከዚህ ቫይታሚን ጋር ሲሰጥ ብቻውን ከተሰጠው ይልቅ ለደም ማነስ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ቫይታሚን ቢ 6 ሲጎድል ደግሞ ሰውነት ሄም የተባለውን የሄሞግሎቢን ክፍል መሥራት ስለሚሳነው፣ ብረቱ ደም ለመሆን በሚዘጋጁት ሕዋሳት ውስጥ ያለ ሥራ ተከማችቶ ይቀራል።

ስለ ቫይታሚን ቢ 12 ጥቂት ሰፋ አድርጌ ለመናገር እወዳለሁ፤ በዚህ ቫይታሚን ማዕድኑና ቫይታሚኑ አንድ አካል ሆነው ይገኛሉና። ዶርቲ ሆጅኪን የተባሉት እንግሊዛዊት ሊቅ በ1956 አሠራሩን ገልጠው እንዳሳዩት፣ በዚህ ቫይታሚን እምብርት ላይ ኮባልት የተባለ የማዕድን ቅንጣት ተቀምጧል። በ1930ዎቹ በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ በለመለመ መስክ የሚሰማሩ በጎች እየከሱ ይሞቱ የነበረው አፈሩ ኮባልት ስላነሰው ነው፤ በጨጓራቸው ያሉት ረቂቃን ነፍሳት ኮባልት ካላገኙ ቢ 12 ሊሠሩ አይችሉም። ሰው ግን ኮባልቱን ብቻ ቢበላ ምንም አይጠቅመውም፤ ቫይታሚኑን ተሠርቶ ያለቀውን፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ማግኘት አለበት። ቢ 12 የጎደለው ሰው ደሙ በአግባቡ ስለማይሠራ፣ ሳይሠራበት የቀረው ብረት በደሙ ውስጥ በዝቶ ይታያል፤ መርፌው በተሰጠው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ግን መቅኔው ወደ ሥራው ስለሚመለስ ያ የበዛው ብረት በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ብረቱ በቂ ነው» የሚል ቃል ያነበበ ሐኪም፣ የቫይታሚኑን ነገር ሳያጣራ ሕሙሙን ማሰናበት እንደሌለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አዮዲንን በተመለከተም እንደዚሁ ነው። በሰሜን ሞሮኮ እንቅርት ለነበረባቸው ልጆች አዮዲን ያለበት ጨው ሁሉም እየተሰጣቸው፣ ከእነርሱ ከፊሎቹ ቫይታሚን ኤ በተጨመረላቸው ጊዜ፣ የእነዚያ እንቅርት ከሌሎቹ ይልቅ መቀነሱ በ2004 ታትሟል። ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ደግሞ ከቫይታሚን ኢ ጋር ሆኖ ሕዋሳትን ከመበላሸት ይጠብቃል፤ ክላውስ ሽዋርዝ በ1957 ለሕይወት አስፈላጊ መሆኑን ያረጋገጡትም፣ ቫይታሚን ኢ የተነፈጋቸው አይጦች ጉበታቸው እየሞተ ሳለ በሴሌኒየም ሲድኑ በማየታቸው ነበር። ዚንክ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ቫይታሚን ኤን ከጉበት አውጥቶ በደም የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ያለ ዚንክ ስለማይሠራ፣ እዚህ ላይ የታሰረው ቫይታሚኑ፣ ፈቺው ማዕድኑ ነው። በኔፓል አገር ዳፍንት በነበረባቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገውና በ2001 የታተመው ምርምር፣ ዚንክ ላነሳቸው ሴቶች ዚንክና ቫይታሚን ኤ በአንድነት ሲሰጣቸው የማታ ዓይናቸው የመመለስ ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይቷል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ገዛ ገበታችን እንምጣ።

የጤፍ እንጀራ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል ሰምተን ብዙዎቻችን በዚህ እንመካለን። ነገር ግን የአገራችንም የውጭም ተመራማሪዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ እንዳስተዋሉት፣ በጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት አብዛኛው እህሉ በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈሩ የተቀላቀለ ሲሆን፣ ይህን የአፈር ብረት አንጀታችን እምብዛም አይቀበለውም። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚታየው የብረት ብዛት በደም ውስጥ የሚገኝ አይደለም። አበው ያወረሱን እርሾ ግን በዚህ ረገድ ታላቅ ውለታ ይሠራልናል፤ ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ፣ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ የሚይዘው ፊታት የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ በእህሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ ብረት በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል። ሊጡ ሳይቦካ ቶሎ እንዲጋገር የምትቸኩል ቤት ከዚህ ጥቅም ትጎድላለች።

ጎመንም ሲነሣ እውነቱን ልናገር ይገባኛል። በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ካሮቲን በሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ በመሆኑ፣ ጎመን የበላ ሰው ቫይታሚን ኤ አይጎድለውም እየተባለ ለብዙ ዘመን ተሰብኳል። በዚያው በምዕራብ ጃቫ፣ እኚያው ክላይቭ ዌስት የተካፈሉበትና በ1995 የታተመ ሌላ ምርምር ግን፣ የሚያጠቡ እናቶች አረንጓዴ ቅጠል በየቀኑ ቢጨመርላቸውም የቫይታሚን ኤ መጠናቸው እንዳልተሻሻለ፣ ያው ካሮቲን በብስኩት ተዘጋጅቶ ሲሰጣቸው ግን እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። ካሮቲኑ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ተጨብጦ ስለሚቀር ነው። ይህን ሰምታችሁ ጎመን እንዳትተዉ እለምናለሁ፤ ጎመን ሌላም ብዙ ጥቅም አለው፣ ደግሞም ቅጠሉ ደቅቆ ሲከተፍና በቅቤ ወይም በጾም ጊዜ በዘይት ሲሠራ ካሮቲኑ ይበልጥ ይወጣል። ነገር ግን ዱባን፣ ካሮትን፣ የበሰለ ማንጎንና ፓፓያን፣ እንዲሁም በደቡብ አገራችን እየተስፋፋ ያለውን ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች ከጎመኑ ጋር ማዛመድ የበለጠ ነው።

ስለ ጾም ስናገር በታላቅ አክብሮት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለከላሉ፤ በእነዚህ ወራት ገበታው በምስር፣ በአተርና በሽሮ የተሞላ ስለሆነ ብረትና ዚንክ በመጠን አይጎድሉበትም፤ የሚጎድሉት ተሠርቶ ያለቀው ቫይታሚን ኤ፣ ቢ 2ና ቢ 12 ናቸው። ከላይ የተናገርነውን ያስተዋለ ሰው፣ ብረቱ ኖሮ አንቀሳቃሹ የጎደለበት ወራት ይህ መሆኑን ይረዳል። ለነፍሰ ጡርና ለድውይ የንስሐ አባት ፈቃድ መስጠት የሚችል ሲሆን፣ አያሌ እናቶች ግን ሳይጠይቁ በፈቃዳቸው እስከ መውለጃቸው ይጾማሉ፤ ካህናት አባቶቻችን ይህን ጉዳይ በየጸበል ጠዲቁና በየጉባኤው ቢያነሡት ከማንኛችን ይልቅ ይሰማሉ ብዬ አምናለሁ። ለሚጾመው ለጤነኛ ሰውም ቢሆን፣ ከምስር ወጡ ጎን ጥሬ ቃሪያ፣ የቲማቲም ሰላጣ፣ ወይም የሎሚ ጭማቂ ቢኖር፣ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ የምስሩን ብረት ይከፍትለታል፤ ቃሪያው ግን ሳይበስል ሊበላ ይገባል፣ እሳት ቫይታሚን ሲን ያጠፋዋልና። በፍስክ ወራት ደግሞ ጉበት ብረትን፣ መዳብን፣ ቫይታሚን ኤን፣ ቢ 2ንና ቢ 12ን በአንድነት የያዘ ብቸኛ ምግብ ነው ቢባል ብዙ አይጋነንም፤ ነፍሰ ጡር ግን እጅግ የበዛ ቫይታሚን ኤ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ጉበት አታዘውትር።

ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚፈላው ቡና ነገር ብዙዎቻችሁን ሳያሳዝን አይቀርም። በአሜሪካ ተደርጎ በ1983 በታተመ ጥናት፣ አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል፤ ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ ያው ሆኖ ሲገኝ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ ደም ያነሳት እናት ቡናውን ትተው የሚል ሰው አልሆንም፤ ቡና የጎረቤት መሰብሰቢያ ነው፣ እርሱን መከልከል ሌላ ነገር መንሳት ነውና። የምለው፣ ጀበናው ከምሳ በፊት ይጣድ፣ ወይም ምሳው ከተበላ ብዙ ቆይቶ ይጣድ ነው።

በመጨረሻም ክኒንን በተመለከተ። ለሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብል፣ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት 100 ሺህ ዩኒት ያለበት ሰማያዊው፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላሉት 200 ሺህ ዩኒት ያለበት ቀዩ፣ ከጤና ባለሙያ እጅ እንዲወሰድ የታዘዘ ነው፤ ነፍሰ ጡር በምንም ምክንያት ይህን እንክብል መውሰድ የለባትም። ብረትም ቢሆን ለሁሉ ሰው እንደ ወደደ የሚወሰድ አይደለም። በታንዛኒያ በፔምባ ደሴት ወባ በሚበዛበት ስፍራ፣ ለትናንሽ ሕፃናት ብረትና ፎሊክ አሲድ ሳይመረጥ በተሰጠ ጊዜ፣ በጽኑ የታመሙትና የሞቱት ቁጥር ጨምሮ በመገኘቱ፣ ብረት የሚሰጥበት የምርምሩ ክፍል እንዲቋረጥ መደረጉ በ2006 ታትሟል። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዘንድ ስለ ደም ማነስ በምትሄዱበት ጊዜ፣ እርሷ ባትጠይቃችሁም፣ አመሻሽ ላይ ዓይናችሁ ይደክም እንደ ሆነ፣ ስንት ወር እንደ ጾማችሁ፣ የከንፈራችሁ ማዕዘን ይሰነጠቅ እንደ ሆነ፣ ቡና በምን ሰዓት እንደምትጠጡ፣ በዚህ ዓመትም ወባ ይዟችሁ እንደ ነበረ ንገሯት።